በኢፍጣር ሰዓት የምትለኮሰው ሲጋራ፦ ኒኮቲን በአንጎልና በአካል ላይ የሚሠራው

ባለፈው ረመዳን አንድ ምሽት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቤት ለኢፍጣር ተጠርቼ ነበር። የመግሪብ አዛን ሲሰማ የቤቱ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ቴምሩና ወደ ውሃው ሲዘረጋ፣ አባወራው አንዲት ቴምር እንደ ነገሩ አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ ወደ በረንዳው ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ሲጋራውን ለኩሶ የመጀመሪያውን ጭስ በረጅሙ ስቦ፣ በግራ እጁ የበረንዳውን ቋሚ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኗል። ጉልበቱ ሲብረከረክ አየሁት። «አያ፣ ደህና ነህ?» አልኩት። «አብሽር፣ ደህና ነኝ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ፤ «የመጀመሪያዋ ሁልጊዜ ታዞራለች። ረሃቡማ ምን አለው? ቀኑን ሙሉ የሚያንገበግበኝ ሐራራው ነው።»

በዚያች በረንዳ ላይ ያየሁት የጥቂት ደቂቃ ነገር ቢሆንም፣ ኒኮቲን በሰው ላይ የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ ይዟል። ቀኑን ሙሉ የዘለቀው መቅበጥበጥ ከምን መጣ? የመጀመሪያዋ ጭስ ለምን ታዞራለች? ከእርሷ በኋላ የሚመጡት ለምን እንደ እርሷ አይሆኑም? አጫሹ «አረጋጋችኝ» የሚለው መረጋጋትስ ከየት የመጣ ነው? በምሠራበት መድኃኒት ቤት ስለ ሳል፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ግፊት የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ሲጋራ ለማቆም እርዳታ የጠየቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ወሎ ውስጥ ሲጋራ ነውር ነው። ነውር መሆኑ ብዙዎችን ከመጀመር አድኗል፤ የጀመሩትን ግን ደብቋቸዋል፣ ራሱን የደበቀ ሰው ደግሞ ሕክምና አይጠይቅም። ሐራራ የጠባይ ጉድለት ተደርጎ እስከታየ ድረስም ይኸው ይቀጥላል። እኔ እንደማምነው ሐራራ መነሻውም ሂደቱም ማብቂያውም በሚገባ የታወቀ የአንጎል ሁኔታ ነው፤ ስለዚህም መታከም ይችላል።

ኒኮቲን የትምባሆ ተክል ራሱን ከሚበሉት ለመከላከል የሚያዘጋጀው መርዝ ነው። በሥሩ ያመርተውና ወደ ቅጠሉ ይልከዋል፤ ቅጠሉን የቀመሰ ተባይ ይንቀጠቀጣል፣ ይሽመደመዳል፣ ይሞታል። የእኛ አገር ገበሬ ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ልጅ ሳለሁ አጎቴ፣ በበጋ ከኩሬ ስትጠጣ አልቅት አፍንጫዋ ውስጥ የገባባትን በቅሎ ሲያክም አይቻለሁ። የደረቀ የትምባሆ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ በመዳፉ ያሸዋል፣ ቡናማውን ውሃ በነጠላ ጫፍ ያጠልለዋል፣ ከዚያ የበቅሎዋን አንገት ቀና አስደርጎ በአፍንጫዋ ያንቆረቁርላታል። ጥቂት ቆይታ ስታነጥስ፣ ደም ጠጥቶ ያበጠው አልቅት ተጨማድዶ መሬት ላይ ዱብ ይላል። አጎቴ «ትምባሆ አይወድም» ይል ነበር። ነገሩ ግን ከመውደድና ካለመውደድ የጠለቀ ነው። የአልቅት ጡንቻ የሚኮማተረው አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር መልእክት ሲያደርሰው ነው፤ ኒኮቲን ቅርጹ ለዚያ መልእክተኛ ስለሚቀርብ በእርሱ ቦታ ገብቶ ትእዛዝ ይሰጣል። እንዲያውም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አሴቲልኮሊን ከነርቮች መመንጨቱን ለማረጋገጥ እንደ መለኪያ የተጠቀሙት የአልቅትን የጀርባ ጡንቻ ነበር። የሰው ነርቭና ጡንቻም፣ አንጎሉም ጭምር፣ የሚገለገሉት በዚሁ መልእክተኛ ነው። ከበቅሎዋ አፍንጫ አልቅቱን የጣለውና በበረንዳው ላይ የሾፌሩን ጉልበት ያብረከረከው ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው።

ስሙን ያገኘው በ1560 እ.ኤ.አ. ትምባሆን እንደ መድኃኒት ቆጥሮ ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ከላከው፣ በፖርቱጋል የፈረንሳይ አምባሳደር ከነበረው ከዣን ኒኮ ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ፖሰልትና ራይማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሃይድልበርግ ከተማ ውስጥ ንጥረ ነገሩን ከቅጠሉ ለይተው አወጡት። እንግሊዛዊው ጆን ላንግሌይ ደግሞ ኒኮቲንን በጡንቻ ላይ እየፈተነ በ1905 እ.ኤ.አ. በሕዋሳት ላይ መልእክት የሚቀበል ልዩ ነገር መኖር አለበት ሲል ጻፈ፤ ዛሬ «ተቀባይ» የምንለው ይህ ነው። መድኃኒት በአካል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያለን ግንዛቤ መሠረቱ ይኸው ሐሳብ ነው።

አንድ ሲጋራ ውስጥ ከ10 እስከ 14 ሚሊ ግራም የሚሆን ኒኮቲን ይገኛል፤ አብዛኛው በጭስና በቁራጩ ይቀራል፣ ወደ ደም የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህች ጥቂት መጠን ይህን ያህል ኃይል ያገኘችው በፍጥነቷ ነው። ጭሱ ሳንባ ሲደርስ እጅግ ሰፊና ስስ የሆነ የደም ሥር መረብ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ የተነሣው ደም በቀጥታ ወደ ግራ ልብ፣ ከግራ ልብ ወደ አንጎል ይሄዳል። ከመሳብ እስከ አንጎል መድረስ የሚፈጀው ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ነው። እዚያ ሲደርስ በመካከለኛው አንጎል ያሉ ነርቮችን ቀስቅሶ፣ ምግብ ስንበላ ወይም የናፈቅነውን ሰው ስናገኝ የሚለቀቀውን ዶፓሚን ያስለቅቃል። ዶፓሚን ለአንጎል የሚነግረው «ይህን ያደረግኸውን አስታውስ፤ ደግመህ አድርገው» ብሎ ነው። አንጎል ደግሞ ድርጊትንና ውጤትን የሚያያይዘው በመካከላቸው ያለው ጊዜ አጭር ሲሆን ነው። አንዲት ሲጋራ ዐሥር ጊዜ ያህል ትሳባለች፤ በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ ሰው ይህን ትምህርት በቀን 200 ጊዜ፣ በዓመት 73,000 ጊዜ ይደግመዋል ማለት ነው። በትምህርት ቤት ይህን ያህል ጊዜ የደገምነው ፊደል እንኳ የለም።

ኒኮቲን በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መድኃኒት ቀስ ብሎ በሰዓታት ውስጥ ሲገባ ያን ያህል የማያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። በአፍና በአፍንጫ የሚወሰደው ትምባሆ በመካከል ይገኛል። በብዙ አገር ሰዎች የትምባሆ ዱቄትን ከአመድ ጋር የሚደባልቁት ያለ ነገር አይደለም፤ አመዱ ኒኮቲኑን በአፍ ሥጋ በቀላሉ ወደሚያልፍ መልክ ይለውጠዋል። ስለዚህ ሱረት ጭስ የለውም ተብሎ እንደ ቀላል ነገር መታየቱ ስሕተት ነው፤ ሱሱ ያው ሱስ ነው። የሲጋራ ጭስ ደግሞ ከኒኮቲን ሌላ ዶፓሚንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮችም ስላሉበት፣ ሲጋራ ከንጹሕ ኒኮቲን ይልቅ አጥብቆ ይይዛል።

አሁን ወደ በረንዳው እንመለስ። ኒኮቲን ተቀባዮቹን ደጋግሞ ሲነካቸው ይደነዝዛሉ፤ ለጊዜው መልስ መስጠት ያቆማሉ። አንጎል ይህን መደንዘዝ ለማካካስ የተቀባዮቹን ቁጥር ያበዛል። በቆየ አጫሽ አንጎል ውስጥ የተቀባዮቹ ቁጥር ከማያጨስ ሰው ይልቅ ከፍ ብሎ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ኒኮቲኑ ሲጠፋ እነዚህ የበዙ ተቀባዮች ከድንዛዜያቸው ይነቃሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠይቃሉ። ሐራራ ማለት ይህ ነው። መቅበጥበጥ፣ ብስጭት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የከፋው ስሜት፣ የማይጠግብ ረሃብ ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

በደም ውስጥ ያለ ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ጉበት የሚያጠፋበት ፍጥነት ግን ከሰው ሰው በውርስ ይለያያል፤ አንዱ በቀን በአምስት ሲጋራ የሚበቃው ሌላው በሃያ የማይረካው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። በደሴ ከሱሁር እስከ መግሪብ ያለውን 13 ሰዓት ያህል ጊዜ በዚህ ስሌት ብናየው፣ ሾፌሩ ሊነጋጋ ሲል ካጨሳት ሲጋራ በደሙ ውስጥ በኢፍጣር ሰዓት የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ መሪ ላይ ሆኖ ረዳቱን የሚቆጣው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሱን የሚያመው፣ ቤት ሲገባ ልጆቹ የሚሸሹት በጾሙ የተነሣ ይመስለው ነበር። የማያጨሰው ጎረቤቱ ያንኑ ጾም ጾሞ በሰላም እየዋለ መሆኑን ግን አላስተዋለም። ለረጅም ሰዓት ባዶ የቆዩት ተቀባዮች ንቁ ሆነው በሚጠብቁበት፣ ሆድም ባዶ በሆነበት ሰዓት የምትገባ የመጀመሪያ ጭስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትመታቸዋለች፤ ስለዚህ ታዞራለች። ሁለተኛዋ ሲጋራ የምታገኛቸው ደንዝዘው ነው።

ይህ ከተባለ «ሲጋራ ያረጋጋኛል» የሚለውን ቃል መመርመር ግድ ይላል፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነውና። አጫሹ አይዋሽም፤ በርግጥ ይረጋጋል። ነገር ግን የተረጋጋው ያለፈችው ሲጋራ ከፈጠረችበት መረበሽ ነው። ሲጋራዋ የምትከፍለው ራሷ ያስገባችውን ዕዳ ነው፤ ከፍላም ሌላ ዕዳ ትተክላለች። አጫሽ በቀን ሃያ ጊዜ ትንሽ እየታመመ ሃያ ጊዜ ይድናል፤ የሚታወሰው መዳኑ ብቻ ስለሆነ ሲጋራውን እንደ መድኃኒት ያያታል። ሰዎች ሲጋራ ካቆሙ በኋላ የአእምሮ ሁኔታቸው ምን እንደሚሆን የመረመሩ 26 ጥናቶችን ያጠቃለለ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ ያቆሙት ሰዎች ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህን የምጽፈው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካናወጠ ወዲህ ማጨስ የጀመሩ፣ ወይም ትተውት የተመለሱበት ሰዎችን እያሰብኩ ነው። ቤቱ የተዘረፈ፣ ዘመዱን የቀበረ፣ ተፈናቅሎ የከረመ ሰው ሲጋራ ሲያነሣ የሚፈልገው እፎይታ ነው፤ በዚህ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ሆኖም ኒኮቲን ለሐዘኑ የሚሰጠው እፎይታ የለም። በሐዘኑ ላይ በየሰዓቱ የሚመጣ ሌላ ጭንቀት ይጨምርለትና ያንን ጭንቀት ብቻ ያስታግስለታል።

ወሎ ላይ ይህ ጉዳይ ያለ ጫት ሊነገር አይችልም። ከተሁለደሬና ከቃሉ ማሳዎች እስከ ደሴ ጫት ቤቶች ድረስ «እኔ ጫት ላይ ብቻ ነው የማጨሰው» የሚል ወጣት ስንት ነው! በዚህ አባባል ውስጥ እውነትም ስሕተትም አለ። እውነቱ፣ አንጎል ኒኮቲንን ከቦታና ከሁኔታ ጋር አያይዞ የሚማር መሆኑ ነው፤ የከሰሉ ፍም፣ የዕጣኑ ሽታ፣ የጓደኞች ክብ፣ የምርቃናው መጀመሪያ ራሳቸው ሲጋራውን ይጠሩታል። ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ ያላማረው ሰው በርጫ ላይ ሲቀመጥ እጁ ወደ ፓኬቱ የሚሄደው። ስሕተቱ ደግሞ ይህ የሱሱ መለስተኛነት ምልክት ነው ብሎ ማሰቡ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ራሱ ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን የሚያስለቅቅ ነው፤ ኒኮቲን በሌላ በር ገብቶ ያንኑ ሥራ ያጠናክራል። ሁለቱም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰሉ ጭስ ሲጨመርበት፣ ልቡ ደካማ የሆነ ሰው በአንድ ከሰዓት ውስጥ የሚሸከመው ጫና ቀላል አይደለም። ማታ ላይ ዱካክ ሲመጣና እንቅልፍ ሲጠፋም ጥፋቱ የጫቱ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ኒኮቲንም እንቅልፍ የሚነሳ አነቃቂ መሆኑ ይረሳል።

ከአንጎል ወደ ሌላው አካል ስንወርድ፣ ኒኮቲን ከኩላሊት በላይ የተቀመጡትን ዕጢዎች አነሣሥቶ አድሬናሊን ያስረጫል። የልብ ምት በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ያህል ይጨምራል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የጣት ጫፍ የሚቀዘቅዘው፣ ቁስል ቶሎ የማይድነው በዚህ ነው። ልብ አብዝቶ እንዲሠራ እየተገደደ የራሱ የደም አቅርቦት ይቀንስበታል። ኒኮቲን ጉበት ስኳር እንዲለቅቅ ያደርጋል፣ የኢንሱሊንንም ሥራ ያዳክማል፤ አጫሾች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት ከ30 እስከ 40 በመቶ ይበልጣል። ረሃብንም ያፍናል። ኮምቦልቻ ላይ የቀን ሥራ የሚሠሩ ልጆች ከሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ ገዝተው «ምሳዬን አለፍኳት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ምሳው አልታለፈም፤ የሚጠይቀው ስሜት ነው የተዘጋው፤ ሲሚንቶ የሚሸከመው ጡንቻ ግን ምግቡን ይፈልጋል። ሲጋራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚጨምረውም ያ የታፈነ ስሜት ስለሚመለስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ ካልተለየ ሕክምናውም አይገባንም። ሰውን ወደ ሲጋራው የሚመልሰው ኒኮቲን ነው፤ በብዛት የሚገድለው ግን ጭሱ ነው። በጭሱ ውስጥ ከ7,000 የሚበልጡ ኬሚካሎች ሲኖሩ፣ 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያመጡ ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህ 1.6 ሚሊዮን የሚሆኑት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላ ሰው ጭስ የሚተነፍሱ ናቸው። ማጨስ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝንም ዕድል ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል፤ ነቀርሳ ላልጠፋበት አገራችን ይህ ብቻውን ከባድ ነገር ነው።

ለደጋው ሰው ደግሞ ሌላም አለበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ሳንባ የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሲጋራ ጭስ የያዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ አጫሹ ከፍታው ከቀነሰለት አየር ላይ ራሱ ጨምሮ ይቀንሳል። የጦሳን ዳገት ሲወጣ ሦስት ቦታ የሚቆም የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ «አየሩ ነው» ሲል እሰማለሁ፤ አየሩ ለእናቱም ያው ነው፣ እርሷ ግን እንጨት ተሸክማ ትወጣዋለች።

ኢ-ሲጋራና በከንፈር ሥር የሚቀመጡ የኒኮቲን ከረጢቶች ጭስ ስለሌላቸው ከዚህ ጉዳት ብዙውን ይቀንሳሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። ለወጣት ግን ይህ መጽናኛ አይሆንም። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ገደማ መገንባቱን አያቆምም፤ ትኩረትን፣ ውሳኔንና ራስን መግዛትን የሚመራው የፊት ክፍል የመጨረሻው ነው። አሴቲልኮሊን ለዚህ ግንባታ ከሚያስፈልጉት መልእክተኞች አንዱ ስለሆነ፣ በዚህ ዕድሜ የሚገባ ኒኮቲን ግንባታውን ያዛባል፣ ለሱስም ያጋልጣል። በዓለም ላይ ከሚያጨሱት አብዛኞቹ የጀመሩት ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በፅንስ ላይ ደግሞ አደጋው ይበረታል፤ ኒኮቲን እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል፣ የልጁን ክብደት ይቀንሳል፣ ያለ ጊዜው እንዲወለድ ያደርጋል። እርጉዝ ሴት በተቀመጠችበት ቤት የሚጨስ ሲጋራም ለልጁ ይደርሰዋል።

አገራችን በቁጥር ሲታይ በጥሩ ሁኔታ ላይ ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጎልማሶች ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ለዚህ ዝቅተኛነት የሃይማኖት ተግሣጽ ያለው ድርሻ ትልቅ ነው። በወሎ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በዚህ ላይ አንድ ቃል ናቸው። ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ከደሴ በቅርብ ርቀት በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው፣ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። የዛሬው ሕግ ሌላ መንገድ ይዟል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ በሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ ማጨስን፣ ማስታወቂያን፣ ሺሻንና ኢ-ሲጋራን ከልክሏል፣ ከፓኬቱም 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዟል። አዋጁ ጥሩ ነው፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን ሰኞ ገበያ ቆሞ ሱቅ በደረቴ የያዘ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ለእኩያው ሲሸጥ ያየ ሰው ምን ያህል እንደሚቀር ይረዳል።

ሕጉም ተግሣጹም ያልደረሱለት ግን ቀድሞ የተያዘው ሰው ነው። ነውሩ በተለይ በሴቶች ላይ ይከብዳል፤ የምታጨስ ሴት ለሐኪም እንኳ «አላጨስም» ትላለች፣ ሐኪሙም መልሶ አይጠይቅም። እኔ የጤና ባለሙያዎች ሁሉ አንዲት ጥያቄ እንዲያስለምዱ እመኛለሁ፦ «ጠዋት ከተነሣህ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ውስጥ ታጨሳለህ?» ይህች ጥያቄ አትፈርድም፤ መልሷ ግን ብዙ ትናገራለች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ሱሱ የጠነከረ ስለሆነ፣ «ወንድ ሁንና ተው» የሚለው ምክር አይበቃውም። ያለ ምንም እርዳታ ለማቆም ከሚሞክሩት ውስጥ ከስድስት ወር እስከ ዓመት የሚዘልቁት በአንድ ሙከራ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ብቻ ናቸው። በቆዳ የሚለጠፈው ወይም በማስቲካ መልክ የሚታኘከው ኒኮቲን ይህን ዕድል በግማሽ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ቫሬኒክሊን የሚባለው እንክብል ደግሞ ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ምትኮቹን ከ2009፣ ቫሬኒክሊንን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷቸዋል። እኔ ከምሠራበት መደርደሪያ ላይ ግን አንዳቸውንም አላየሁም፤ በየጥጉ ሲጋራ በፍሬ በሚሸጥበት ከተማ ማቆሚያው የማይገኝ መሆኑ ያሳዝነኛል።

መድኃኒቱ እስኪመጣ ድረስ ጊዜውን ማወቅ ራሱ ይረዳል። ሐራራ ከመጨረሻዋ ሲጋራ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይከፋል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግባል፤ የተባዙት ተቀባዮችም በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ወደ ቁጥራቸው ይመለሳሉ። እያንዳንዱ የሐራራ ማዕበል የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሾፌሩ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አሰበና «እንዲያ ከሆነማ እኔ በየቀኑ ከባዱን ግማሽ እየጨረስኩ ማታ ላይ ነው የማፈርሰው» አለኝ። ልክ ነበር። በረመዳን መጨረሻ ሌሊቱንም ለመጨመር ወሰነ፤ ዒድን ሳያጨስ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደወለልኝ። ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ሐራራው አሸነፈኝ፣ ነገ ልገዛ ነው አለ። ቡና ስንት እንደጠጣ ጠየቅሁት። ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ከሰዓት ደግሞ ጎረቤት ጠርቶት እንደገና ሦስቱንም፤ እንደ ወትሮው ማለት ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ጭሱ ሲቀር ያው ስኒ በደም ውስጥ እጥፍ ያህል ሆኖ ይቆያል። ሲጋራ የሚያቆም ሰው ቡናውን በግማሽ ካልቀነሰ የቡናውን መንቀጥቀጥ ሐራራ ይመስለዋል። «አያ፣ ይህ ሐራራ አይደለም፣ ቡናው ነው» አልኩት፤ «ከነገ ጀምሮ የጠዋቷ አቦል ትብቃህ፣ ከሰዓቱን ተወው።»

በማግስቱ ሌሊት ስልኬ አልጮኸም። ጠዋት እኔው ደወልኩለት፤ ባለቤቱ አነሣችና ገና እንደተኛ ነገረችኝ።